የኅዳር ጨዋታ ለመጋቢት ምን ይጠቅማል? (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

ባለፈው እትም ስለ አሜሪካ ሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አንድ ገጽ አውጥተን ነበር፣ ከዛ ወዲህ የመጣው ጥያቄ ግማሽ በግማሽ ስለ አንድ ነገር ነው፦ መጋቢት ላይ ለሚጀመረው ለዓመቱ ትልቅ ብሔራዊ ውድድር ብዙ ያሸነፈ ቡድን ውጪ ይቀርና ብዙ ጊዜ የተሸነፈው ይገባል፣ ምን ጉድ ነው? ስለ እግር ኳስ የጻፋችሁልን ትንሽ ታገሱን፣ ዛሬ በዚሁ ብቻ ነው የምንሄደው። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ ወሩን ግን አንዳንዴ በኛ እጠራለሁ፣ ትግባባላችሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ባህር ዳር ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲ 3ኛ ዓመት። እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት በኬትሊን ክላርክ ነው፣ እሷ ከኮሌጅ ወጥታ ወደ ደብልዩኤንቢኤ (የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ) ከሄደችም በኋላ አልተውኩትም። ያልገባኝ፣ 25 ምናምን ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ቀርቶ 11፣ 12 ጊዜ የተሸነፈ ይገባል። ይሄ ለትልቅ ስም ማዳላት አይደለም ወይ? ዶርም ውስጥ በዚህ ሁሌ እንጨቃጨቃለን፣ ገላግለን።

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። እናንተ የምትጨቃጨቁበትን አሜሪካኖቹም በየዓመቱ መጋቢት ላይ ይጨቃጨቁበታል፣ አይዟችሁ። መጀመሪያ ቁጥሩን እንያዝ። በ2025 ውድድሩ ላይ የገባው 68 ቡድን ነው፣ እስከ 2021 ድረስ 64 ነበር። ከነዚህ ውስጥ 31ዱ የየኮንፈረንሳቸውን (ዓመቱን እርስ በርስ የሚጫወቱ ዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ ማለት ነው) ዋንጫ በልተው በቀጥታ የገቡ ናቸው፣ እነሱን ማንም አይነካቸውም፣ ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ ከርሞ መጨረሻ ላይ የኮንፈረንሱን ዋንጫ የበላም ይገባል። ቀሪዎቹን 37 ነው 12 ሰው ያለበት ኮሚቴ ቁጭ ብሎ የሚመርጠው። ጭቅጭቁ እንግዲህ እነዚህ 37 ላይ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ የመጨረሻዎቹ አምስት ስድስት ላይ ነው።

ኮሚቴው ፊት ለያንዳንዱ ቡድን አንድ ወረቀት ይቀርባል። ስንት አሸነፈ የሚለው አለ፣ ግን ማንን፣ የት፣ እንዴት የሚለውም እዛው አለ። ድሮ አርፒአይ የሚባል ስሌት ነበር የሚጠቀሙት፣ ራስህ ያሸነፍከው 25 ፐርሰንት፣ ተጋጣሚዎችህ ያሸነፉት 50 ፐርሰንት፣ የነሱ ተጋጣሚዎች ያሸነፉት ደግሞ 25 ፐርሰንት፣ በቃ ሶስት አራተኛው ነጥብ ያለው ሌላ ሰው እጅ ላይ ነበር። ከ2020-21 ጀምሮ ለሴቶቹም ኔት የሚባለው ገባ፣ እሱ ኳስ በያዝክ ቁጥር ስንት ታገባለህ፣ ስንትስ ይገባብሃል የሚለውን ከተጋጣሚው ጥንካሬና ከሜዳው ጋር አመዛዝኖ ያያል፣ እሱ ላይ ማንን አሸነፍክ የሚለውን ይደምራል። ስሌቱ ተቀየረ እንጂ ነገሩ ያው ነው፣ ደካማ እየመረጥክ ብትቆጥር ብትቆጥር አይሞላልህም።

አሁን ዋናው ነገር። የአንድ ቡድን ፕሮግራም ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ የኮንፈረንስ ጨዋታ ነው፣ እሱን የኮንፈረንሱ ቢሮ ነው የሚያወጣው፣ አሰልጣኟ ወደደችም ጠላችም ትጫወታለች። ሌላው ከኮንፈረንስ ውጪ ያለው ነው፣ በአብዛኛው ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያለው፣ እሱን ራሷ ስልክ ደውላ፣ ለምና፣ ተደራድራ፣ ውል ፈርማ ነው የምታሰናዳው። እና ኮሚቴው ሁለቱን በአንድ ዓይን አያይም። የተሰጠሽን ተጫወትሽ፣ እሺ፣ የመረጥሽውስ? ወረቀቱ ላይ ከኮንፈረንስ ውጪ ያለው ፕሮግራም ጥንካሬ ለብቻው ተጽፎ የሚቀርበው ለዚህ ነው።

ጎጃም ላለ ሰው ይሄ እንግዳ መሆን የለበትም። የቅኔ ተማሪ በገዛ ጉባኤው ብቻ እየተሞገሰ ተቀምጦ ባለሙያ አይባልም፣ ዋሸራ ወርዶ፣ ጎንጅ ገብቶ፣ የማያውቁት ሰዎች ፊት ነው ቅኔው የሚመዘነው። እዛ ሄዶ ቢነቀፍ እንኳን ከቤቱ ካልወጣው ይሻላል።

ምሳሌ ልስጥህ፣ ይሄን ለጓደኞችህ ንገራቸው። በ2015 ፕሪንስተን አንድም ጨዋታ ሳትሸነፍ 30 ለ0 ሆና መጣች። ሰላሳ! ኮሚቴው ግን 8ኛ ሲድ ሰጣት (ሲድ ማለት ቡድኖቹ በአራት ምድብ ተከፍለው በየምድባቸው ከ1 እስከ 16 የሚሰጣቸው ደረጃ ነው)፣ ምክንያቱም ኮንፈረንሷ አይቪ ሊግ ደካማ ነበር፣ ከሱ ውጪ የተጫወቱትም የላይኞቹን እምብዛም አልነካም። መጀመሪያ ግሪን ቤይን አሸነፉ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ ራሱ ስታዲየም ገብቶ አይቶታል፣ የሚስቱ ወንድም ልጅ ስለምትጫወት ነው፣ ቀጥሎ 1ኛ ሲድ የነበረችው ሜሪላንድ በራሷ ሜዳ 85 ለ70 ሸኘቻቸው። 8ኛ ሲድ መሆን ማለት ይሄ ነው እንግዲህ፣ በሁለተኛው ጨዋታ 1ኛ ሲድ ትጠብቅሃለች። እኔ በግሌ 8ኛ ማድረጋቸው በዝቷል ባይ ነኝ፣ 30 ጨዋታ ያለ ሽንፈት መጨረስ በራሱ አንድ ነገር ይናገራል።

ክላርክንም ስላነሳህ፣ የሷ ቡድን አዮዋ በኖቬምበር 2023 በገዛ ሜዳዋ በካንሳስ ስቴት ተሸንፋለች፣ ከኮንፈረንስ ውጪ ማለት ነው። መጋቢት ላይ ግን 1ኛ ሲድ ሆና ገባች። ከጠንካራ ጋር ገጥመህ አንዴ ብትወድቅ አይገድልህም። ደካማ ላይ መውደቅ ነው ስም ተሰጥቶት ወረቀት ላይ የሚቀመጠው።

ማዳላት አለ ወይ ላልከው፣ አለም የለምም። ትልልቆቹ ጠንካራ ኮንፈረንስ ውስጥ ስለተቀመጡ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ በየሳምንቱ ጥሩ ተጋጣሚ ቤታቸው ድረስ ይመጣላቸዋል፣ በ2025 ቢግ ቴን የሚባለው ኮንፈረንስ ብቻውን 12 ቡድን አስገብቷል፣ ኤስኢሲ የሚባለው ደግሞ 10። ትንሿ ያላት ኅዳርና ታኅሣሥ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ትልልቆቹ እሺ ካሏት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እሺ አይሉም፣ ጎበዝ ትንሽ ቡድን ሜዳ ሄደው መሸነፍ ምን ሊረባቸው? ስለዚህ እኔ የምለው፣ መምረጥ ስትችል ደካማ የመረጠችዋ ብትቀር አላዝንላትም፣ ደውላ ደውላ ስልኳን የሚያነሳ ያጣችዋ ግን ያሳዝናል፣ ያነሳ የለም የሚለው ደግሞ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። ኳድ 1፣ ኳድ 2 የሚሉት ነገር ግራ አጋባኝ። አንድ ቦታ ከሜዳ ውጪ እስከ 75ኛ ያለ ቡድን ማሸነፍ ኳድ 1 ነው ይላል፣ ሌላ ቦታ 45 ይላል። የቱ ነው ትክክል? እና ደግሞ ኮንፈረንስ ጠንካራ ነው ደካማ ነው የሚባለው በምን ተለክቶ ነው፣ እርስ በርሳቸው አይደል እንዴ የሚጫወቱት?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ 75 የሚለው የወንዶቹ ነው፣ 45 የሴቶቹ። ኳድ ማለት ጨዋታዎቹ በተጋጣሚዋ የኔት ደረጃና በሜዳው የሚመደቡባቸው አራት ክፍሎች ናቸው፣ የሴቶቹን ብቻ ልንገርህ። በሜዳህ ከ1 እስከ 25 ደረጃ ያለን ካሸነፍክ ኳድ 1 ነው፣ በገለልተኛ ሜዳ እስከ 35፣ በሰው ሜዳ እስከ 45። ኳድ 2 ደግሞ በሜዳህ እስከ 55፣ በገለልተኛ እስከ 65፣ በሰው ሜዳ እስከ 80። ከዛ በታች ያለው 3 እና 4 ነው፣ ኳድ 4 ላይ ብታሸንፍ ማንም አያጨበጭብልህም፣ ብትሸነፍ ግን ጉድህ ነው። ከወንዶቹ የጠበበው በሴቶቹ በኩል ከላይ ያሉትና ከታች ያሉት ልዩነታቸው ሰፋ ስለሚል ነው ብዬ ነው የማየው።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ደረጃዋ 40 የሆነች ቡድን እንበል። ቤትህ ጠርተህ ብታሸንፋት ኳድ 2 ነው፣ ሻንጣህን ይዘህ ቤቷ ሄደህ ብታሸንፋት ግን ኳድ 1። ያው ቡድን፣ ያው ኳስ። ስለዚህ ጎበዝ አሰልጣኝ ፕሮግራም ስታወጣ ማንን ብቻ ሳይሆን የትም እያለች ታስባለች፣ ለታንክስጊቪንግ በዓል ሰሞን ባሃማስ ምናምን ሄደው በሁለት ሶስት ቀን ሁለት ሶስት ጨዋታ የሚጫወቱትም ለመዝናናት ብቻ እንዳይመስልህ፣ ማንም ወደ ቤቱ የማይጠራት ቡድን እዛ ገለልተኛ ሜዳ ላይ ጠንካራ ታገኛለች። ችግሩ ፕሮግራሙ ሲወጣ ገና ክረምት ነው፣ ወይም ውሉ የተፈረመው ካቻምና ነው፣ ዘንድሮ ማን ጎበዝ እንደሚሆን ማን ያውቃል? ጠንካራ ነች ብለህ የያዝካት ዋና ተጫዋቿ ትጎዳና መጋቢት ላይ 120ኛ ሆና ታገኛታለህ፣ ደረጃው የሚቆጠረው ደግሞ በተጫወታችሁበት ቀን ባላት ሳይሆን በመጨረሻው ቀን ባላት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ግን በጣም ጥሩ ነው፣ አብዛኛው ሰው የሚያልፈውን ነው የያዝከው። እርስ በርስ ሲጫወቱ አንዷ ስታሸንፍ ሌላዋ ትሸነፋለች አይደል፣ ስለዚህ የኮንፈረንስ ጨዋታ ሁሉ ቢደመር ድል እና ሽንፈት ሁሌ እኩል ነው፣ ኤስኢሲም ይሁን በጣም ደካማው ኮንፈረንስ፣ ድምሩ ግማሽ ለግማሽ ነው። ታዲያ ኤስኢሲ ከሌላው ይበልጣል የሚለው ከየት መጣ? ከኅዳርና ታኅሣሥ ነው የመጣው። ከውጪ ቡድን ጋር የተጫወቱት ነው ኮንፈረንሶቹን እርስ በርስ የሚያገናኛቸው፣ አንዴ ጃንዋሪ ከገባ የኮንፈረንሱ ዋጋ ተቆርጧል ማለት ይቻላል፣ ከዛ በኋላ ያለው ያንኑ ዋጋ እርስ በርስ መከፋፈል ነው። ስለዚህ ጎረቤትህ ኅዳር ላይ ደካማ ሰብስባ ብትጫወት ወይም ብትሸነፍ አንተም ትከፍላለህ፣ የካቲት ላይ እሷን ማሸነፍህ ዋጋ ያጣል። አንዳንድ ኮንፈረንሶች ቡድኖቻቸውን በጣም ደካማ አትያዙ እያሉ የሚጨቀጭቋቸው ለዚህ ነው።

በጥሩ በኩል ደግሞ ይኸው አይቪ ሊግ። በ2015 ያቺ ያልተሸነፈች ፕሪንስተን 8ኛ ሆና ቀረች አልኩ፣ በ2016 ፕሪንስተን በኮሚቴ ምርጫ ገባች፣ ከአይቪ ሴቶች በዛ መንገድ የገባ ከዛ በፊት አልነበረም። በ2025 ሶስት ቡድን አስገቡ፣ ሃርቫርድ በዋንጫ፣ ኮሎምቢያና ፕሪንስተን በምርጫ። ሃርቫርድ ኖቬምበር 2024 ላይ ኢንዲያና ድረስ ሄዳ ኢንዲያናን አሸንፋ ነበር፣ እና ያ ድል የሃርቫርድ ብቻ አይደለም፣ በኋላ ሃርቫርድን የገጠሙት ሁሉ ከሱ ቆርሰዋል። ኮሎምቢያ ገብታ ደግሞ ዝም አላለችም፣ በመጀመሪያው ዙር ማጣሪያ ዋሽንግተንን 63 ለ60 አሸንፋለች።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ፍኖተ ሰላም ነኝ። የእህቴ ልጅ አሜሪካ ተወልዳ አድጋ አንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች፣ በስልክ ስናወራ ታለቅሳለች። አሰልጣኟ በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲ እየወሰደች በ40 በ50 ነጥብ ታስደበድባቸዋለች። ይሄ ልጆቹን መጣል አይደለም? ደግሞ ብር ይቀበላሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እትዬ፣ እውነት ነው፣ ይቀበላሉ። ነውር ግን አይደለም፣ ሁሉም የሚያውቀው አሠራር ነው። ትልቋ ዩኒቨርሲቲ በሜዳዋ ጨዋታ ትፈልጋለች፣ ትንሿ ደግሞ ለበጀቷ ገንዘብ ትፈልጋለች፣ እና ትልቋ ቼክ ትጽፋለች፣ ትንሿ ሄዳ ትጫወታለች፣ መልስ ጨዋታ የለም። ሌላ ዓይነት ውልም አለ፣ ዘንድሮ አንቺ ዘንድ፣ ከርሞ እኔ ዘንድ የሚባል፣ እሱ ግን አቻ ለአቻ ለሆኑት ነው። ከዛ የሚመጣው ብር ለእህትዎ ልጅ ቡድን ለጉዞ፣ ለምግብ፣ ለዕቃ ይውላል፣ ስለዚህ አሰልጣኟ ላይ ብቻ አይፍረዱ፣ አንዳንዴ ከላይ በዚህ ያህል ጨዋታ ይሄን ያህል ብር አምጪ የምትባልም አለች።

ለምርጫው ምን ይጠቅማል ካሉ፣ በአንድ በኩል በጠንካራ ቡድን ሜዳ መሸነፍ ብዙ አይጎዳም፣ ስሌቱ ተጋጣሚዋ ማን እንደሆነችና ሜዳው የማን እንደሆነ ያውቃል። በሌላ በኩል 50 ነጥብ ግን 50 ነጥብ ነው፣ ኔት ልዩነቱን ያያል፣ ኮሚቴውም ስትሸነፍ ተፎካክራ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅበት መስፈርት አለው። አምስት እንደዛ ያለ ጨዋታ ከመደርደር ሁለት ከባድ፣ ሶስት አራት ደግሞ ከሷ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ታግላ ልታሸንፈው የምትችለው ቢሆን ለቡድኑም ለልጆቹም ይሻላል፣ የኔ አስተያየት ይሄ ነው። የትንሽ ኮንፈረንስ ቡድን ግን እውነቱን ለመናገር በምርጫ አትገባም፣ በዋንጫ ነው የምትገባው፣ የኅዳሩ ድብደባ ቢያንስ መጋቢት ላይ ትልቅ ቡድን ሲመጣባት እንዳትደነግጥ ያደርጋታል። ለልጅቷ ይሄን ይንገሯት፦ በ1998 ሃርቫርድ መጨረሻ ሲድ፣ 16ኛ ሆና 1ኛ ሲድ ስታንፎርድን እዛው ስታንፎርድ ሜዳ ላይ 71 ለ67 አሸንፋለች። በሴቶቹ ታሪክ 16ኛ 1ኛን ያሸነፈችው ያኔ ብቻ ነው። ለቅሶው ካልቆመ ግን ኳስ ብቻ ላይሆን ይችላልና ሌላ ነገር አለ ወይ ብለው ይጠይቋት።

ጥያቄ፦ ዳንግላ የስፖርት መምህር ነኝ። በትምህርት ቤቶች መካከል የሴቶች ውድድር ስናዘጋጅ ሁለት ቡድን በምርጫ እናስገባለን፣ ይሄን የተጋጣሚ ጥንካሬ ነገር ልንጠቀምበት እንችላለን?

መልስ፦ አይመከርም መምህር። እነሱ ወደ 30 የሚጠጋ ጨዋታ ይዘው ነው፣ ከ350 በላይ ቡድን እርስ በርስ ተያይዞ ነው ስሌቱ የሚሠራው፣ እናንተ አራት አምስት ጨዋታ ይዛችሁ ብትሞክሩት ጸብ ብቻ ነው የሚተርፋችሁ። ጥርጣሬ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ቅዳሜ ጠዋት አጫውቷቸው።

ጥያቄ፦ ቡሬ ነኝ። ዩኮን (የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ) በ2025 ዋንጫውን በልታለች፣ ግን 2ኛ ሲድ ነበረች። ከኮንፈረንስ ውጪ ከባድ ከባድ ባትይዝ ኖሮ ሳትሸነፍ 1ኛ ሲድ አትሆንም ነበር? አሰልጣኙ ጂኖ ተሳስቷል ባይ ነኝ። ደግሞ ጨዋታዎቹ እዚህ በስንት ሰዓት ነው የሚታዩት?

መልስ፦ ጥሩ ክርክር ነው ግን አልስማማም። ቁጥሩ ልክ ነህ፣ ዩኮን በኮንፈረንሷ በቢግ ኢስት ውስጥ 18 ለ0 ናት፣ ምርጫው ሲደርስ 31 ለ3፣ ሶስቱም ሽንፈት ከኮንፈረንስ ውጪ፣ በኖትር ዳም፣ በዩኤስሲ፣ በቴነሲ። ዩኤስሲ ያሸነፈቻት 72 ለ70 ነው፣ ሃርትፎርድ ላይ፣ እና 1ኛ ሲዱን ዩኤስሲ ወሰደችው። እነሱን ባትይዝ ግን ምን ይቀራል? ቢግ ኢስት ብቻ። ጂኖ ኦሪየማ ኮንፈረንሱ ያን ያህል እንደማይፈትነው ስለሚያውቅ ነው ፈተናውን ከውጪ የሚያመጣው፣ ያቺው ፕሪንስተን ከሰላሳ ድል ጋር ስምንተኛ የሆነችበት ነገር እኮ ነው የሚጠብቀው፣ ስሙ ዩኮን ስለሆነ 8ኛ ባይሆንም። ደግሞ ያው ከውጪ የያዘው ፕሮግራም ነው ፌብሩዋሪ ላይ ሳውዝ ካሮላይናን በሜዳዋ 87 ለ58 እንዲያሸንፍ ዕድል የሰጠው፣ ፍጻሜው ላይም ያንኑ ቡድን 82 ለ59 አሸነፈ። በሴቶቹ ውድድር 1ኛም ሆንክ 2ኛ ሲድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች በራስህ ሜዳ ነው የምትጫወተው፣ ያንን የሚያገኙት ከ1 እስከ 4 ያሉት 16 ቡድኖች ናቸው፣ ስለዚህ ከ1 ወደ 2 መውረድ ብዙም አላመመውም። የሚያመው ከ4ኛ ወደ 5ኛ መውረድ ነው፣ ያኔ ሻንጣ ሸክፈህ ሰው ቤት ትሄዳለህ፣ እና ብዙ ጊዜ ያንን የሚወስነው ኅዳር ላይ ያለች አንዲት ጨዋታ ናት።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በአሜሪካ ምሥራቅ ማታ 7 ሰዓት የሚባለው እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ሥራ ላለው አይሆንም። ቅዳሜና እሁድ እኩለ ቀን ላይ የሚደረጉት ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ናቸው፣ እራት እየበላህ ታየዋለህ፣ ከባድ ከባዱም ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ነው የሚውለው። የተመረጡት ቡድኖች የሚነገሩበት የቴሌቪዥን ፕሮግራም በ2025 የተላለፈው እሁድ ማርች 16 ማታ ነበር፣ ለኛ ሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። እኔ ተኝቼ ጠዋት ነው ያየሁት።